የሙህዲን ቀይ ክር

ጎረቤቴ ሙህዲን ሞተር ሳይክል አይሠራም። እንዲህ ስል ሰፈርተኛው ይስቃል፤ ግቢያችን ውስጥ ሞተር የማይቆምበት ቀን የለማ። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሞተሩ አልነሣም ካለ፣ ካንዴላው ከጠቆረ፣ ፍሪሲዮኑ ካስቸገረ ሙህዲን አይነካውም፤ «ድልድዩ ጋ ጋራዥ አለ» ብሎ ይሸኛል። እሱ የሚሠራው የክሮስ ሞተርን የፊት እግር ብቻ ነው። ከመሪው ሥር ወርደው የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች አሉ፤ ውስጣቸው ሞላና ዘይት ነው፤ ጉድጓድ ሲመጣ ቁጭ፣ ሲያልፍ ብድግ ይላሉ። ባለሞተሮቹ የፊት ሾክ ይሏቸዋል። ሙህዲን እግር ይላቸዋል፤ እኔም ከሱ ለምጄ እግር እላለሁ።

እኔ አሰጋሽ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ላይ ቆሜ ነው ያረጀሁት። ከሙህዲን ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ በር፣ አንድ የውሃ ቧንቧ አለን። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ አልዋሹም። የታጠበ ነጠላ ባሰጣችሁበት ገመድ ሥር በየቀኑ የቆሸሸ ዘይት የሚገለብጥ ጎረቤት ይስጣችሁና የእናንተን ትዕግሥት ደግሞ እንየው።

ሙህዲንን አጎቱ ከስልጤ ያመጡት ሱቅ እንዲሸጥላቸው ነበር። ልጁ ግን ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ሞተሩን ደጅ ካቆመ፣ ሚዛኑን ትቶ ይወጣና መሪውን ይዞ ቁጭ ብድግ ያደርገዋል። ሰውየው ስኳሩን ረስቶ ስለ ሞተሩ ሲያወራ ይውልና ባዶ እጁን ይሄዳል። አጎትየው ብዙ መከሩት፤ በኋላ ሱቁ ሳይዘጋ ልጁን ቢያሰናብቱ እንደሚሻል ገባቸው። ዛሬ በመንገዱ በኩል ያለችውን ሱቅ የምትይዘው ሚስቱ ዙለይኻ ናት። ሱቁ የእሷ፣ ግቢው የእሱ፣ ጭቅጭቁ የጋራ ነው።

ሲሠራ ማየት ግን ደስ ይላል፤ ይህን አልክድም። የለስላሳ ሳጥን ከሞተሩ ሆድ ሥር ይሸጉጥና የፊቱን ከመሬት ያነሣዋል። ጎማውን ይፈታል፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ስቦ ያወጣል፣ አሮጌ ሳፋ ላይ ይደፋቸዋል። የሚወጣው ዘይት ግራጫ ነው፤ ሽታው የዙለይኻን ደንበኞች ያባርራል። ከዚያ የሚያብረቀርቀውን ቱቦ በጥፍሩ ይዳብሰዋል። ጥፍሩን የያዘው ጭረት ካለ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ያለሰልሰዋል፤ ዘይት የሚያፈሰው ጭረቱ ውስጥ ያለውን ዘይት ማገጃ ጎማ ስለሚበላው ነው። አዲሱን ማገጃ ጎማ በዘይት አርሶ፣ በተቆረጠ የውሃ ቱቦ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ያስገባል። አዲስ ዘይት የሚለካው በጡጦ ነው። ልጁ መርዋ ጡጦ ስትተው ዕቃው ወደ አባቷ ተዛወረ። ዓይኑን ከመስመሩ ጋር አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ለሁለቱም እግር እኩል ያጠጣል። አንዱ እግር ከሌላው በጠብታ ቢበልጥ መንታ ልጆች እንዳበላለጠ ሰው ይጨነቃል።

የመጨረሻው ሥራ ክር ነው። እግሩን ከጨረሰ በኋላ ቱቦው ላይ ክር ጠበቅ አድርጎ ያስራል። ባለቤቱ ሞተሩ ላይ ይቀመጣል፤ እግሩ ሲወርድ ክሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ባለቤቱ ሲወርድ ክሩ እዚያው ይቀራል። ሞተሩ ምን ያህል እንደወረደ ክሩ ይመሰክራል ማለት ነው። በመቀመጥ ብቻ ከቱቦው ሩብ ያህል ከተገፋ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ሩቅ ሊሄድ ይችላል፤ ጥጉን ግን መምታት የለበትም። ጥግ ከመታ ብረት ከብረት ተጋጭቷል፤ መሪውም፣ ክንድም፣ የተጫነውም ዕቃ ያንን ይቀምሳል። ድሮ ላስቲክ ነበር የሚያስረው፤ ላስቲኩ እየዘለለ ሲዋሸው አይቼ ከፋብሪካ ዘመኔ የቀረ ቀይ ክር ሰጠሁት። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ የሱ፣ ክሩ የእኔ ነው።

አንድ ነገሩ ብቻ ያናድደኝ ነበር። ሙህዲን በእግሩ ሲሄድ ጨዋ ነው፤ ካየኝ ከሩቅ ጎንበስ ይላል፣ የያዝኩትን ይቀበለኛል። ሞተር ላይ ሲወጣ ግን አያውቀኝም። ሊሞክር ብሎ በሠፈሩ መሀል ወደ አሮጌው ሐዲድ ሲነዳ ሽማግሌ የለ፣ አሮጊት የለ፣ አቧራውን አልብሶን ያልፋል። ስቆጣው ዓይኔ ክሩ ላይ ነው ይለኛል። ክር የሰጠሁት እኔ፣ በክሩ ምክንያት የማልታየውም እኔ።

ዳሲቱ የመጣችው ኮዬ ፈጬ ገና የጤፍና የሽምብራ ማሳ ሳለ ነው። የከብት ጤና ሠራተኛ ናት፤ ከሐዲዱ ማዶ ባሉት መንደሮች እየዞረች ላምና ዶሮ ትከትባለች። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት ሞተር ከፊት መብራቱ በላይ የብረት መጫኛ አለው፤ የክትባቱን ብልቃጦች በበረዶ ሳጥን አድርጋ እዚያ ላይ ታስራለች። ችግሩ ብልቃጦቹ መንገድ ላይ መሰባበራቸው ነበር። መንደር ትደርስና ሳጥኑን ስትከፍት ግማሹ ስብርባሪ ነው፤ ላሞቹ ተሰልፈው፣ ባለላሞቹ እያዩ፣ እሷ በኀፍረት ትቆማለች።

አለቃዋ አቶ ቀናው ታግሦ ታግሦ በመጨረሻ ቁርጡን ነግሯታል። በሚመጣው ትልቅ የክትባት ዙር አንድ ሳጥን ብልቃጥ ከተሰበረ ቁልፉን ታስረክባለች፤ ዙሩን እሱ ራሱ እየነዳ ይሠራዋል፤ እሷ ቢሮ ትቀመጣለች። ይህን የዙለይኻ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጣ ስትነግረን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከላም አጠገብ ካልዋለች የምትታመም ዓይነት ሰው ናት። ቢሮ መቀመጥ ለሌላው ዕድገት ነው፤ ለሷ እስር ነው።

ሙህዲን እግሮቹን አወጣ፣ አጠበ፣ ማገጃ ጎማውን ለወጠ፣ በጡጦው ለካ። እሷን አስቀምጦ ክሩን አየ፤ ሩብ፣ እንደሚፈለገው። በኩራት ሸኛት። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ ክሩ ጥግ ደርሶ ተጨምቋል፤ ሳጥኑ ውስጥም ስብርባሪ አለ።

ጉድጓድ ገብተሽ ይሆናል አላት። አልገባሁም አለች። ሙህዲን ሞተሩን ወሰደና ራሱ በዚያው መንገድ እስከ መንደሩ ሄዶ መጣ። ዙለይኻ በደንብ ስለምታበላው ከዳሲቱ ብዙ ይከብዳል፤ ክሩ ግን መሀል ላይ ቀረ። እሱ ከባዱ መሀል፣ እሷ ቀላሏ ጥግ። እግሮቹን እንደገና አወጣ። እንደገና ለካ። እንደገና ሄደች፣ እንደገና ጥግ።

ያን ሰሞን ሙህዲን ምግብ አልበላ አለ። ልጆች ክሩን በእጃቸው ገፍተውት እንደሆነ ብሎ የሰፈሩን ልጆች መረመረ። ዙለይኻ በበኩሏ ይቺ ልጅ ሰው ሳያያት እየበረረች ነው አለች፤ ዳሲቱ አህያ እንኳ እንደሚቀድማት ምላ ተናገረች። በመጨረሻ ሙህዲን እኔ ዘንድ መጣና ክሩ አርጅቶ ላልቶ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ከኔ እጅ የወጣ ክር! መልሴን እዚህ አልጽፈውም። ትልቁ ዙር ደግሞ እየቀረበ ነበር።

ነገሩ የተገለጠው እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። ዳሲቱ ለመለካት ሞተሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ሙህዲን መሬት ላይ ተንበርክኮ ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሏል። በሩን ከፍቼ ስገባ ዳሲቱ አየችኝ። ፍሬኑን ጨበጥ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ፣ መሪው ላይ ጎንበስ አለችና «ኖር እማማ» አለችኝ።

«በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ሙህዲን ከተንበረከከበት ሳይነሣ ክሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ፣ «እትዬ አሰጋሽ፣ እባክዎ ተመልሰው ይውጡና እንደገና ይግቡ» አለኝ።

መጀመሪያ ያሾፈብኝ መሰለኝና ዣንጥላዬን አነሣሁ። እሱ ግን ፊቱ በርቶ ይለምነኛል። ወጣሁ፣ ገባሁ። ልጅቱ ኖር አለች፤ ክሩ ሸርተት አለ። ወጣሁ፣ ገባሁ። እግሬ እስኪዝል አመላለሰኝ፤ እሷም አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብላ አላስገባችኝም። ዙለይኻ ከሱቋ ወጥታ ይህን ስታይ ምን ነካቸው ብላ በአላህ ስም ማለት ጀመረች።

ሙህዲን ዳሲቱን መንገድ ላይም እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቃት።

«ታዲያ ሽማግሌ እያየሁ ቁጭ ብዬ ልለፍ?» አለች። የገረማት ጥያቄው ነበር።

አባቷ በበቅሎ ሲሄዱ ትልቅ ሰው ካገኙ ወርደው ነበር ሰላም የሚሉት። ሞተር እንደ በቅሎ አይደለም፤ በየሰዉ ፊት ከወረዱበት አይደረስም። ስለዚህ እሷ የራሷን ዘዴ አበጅታለች፤ ሰው ስታይ የፊት ፍሬን ይዛ ታዘግማለች፣ ከመቀመጫዋ ትነሣለች፣ መሪው ላይ ጎንበስ ትላለች። ሙህዲን ያስረዳን እንዲህ ነው፤ ፍሬኑ ሞተሩን ወደ ፊት ይደፋዋል፣ የሷ ክብደት ከመቀመጫው ለቆ ወደ መሪው ይመጣል፣ ሳጥኑም እዚያው ፊት ነው። ሰው ደግሞ ቆሞ የሚያወጋው መንገዱ በሚጠብበት፣ ወንዙ ጋ፣ ቦዩ ጋ ነው። ሦስቱ ሸክም በአንድ ላይ ሆኖ ድንጋይ ሲገጥመው እግሩ ጥግ ይመታል። እሱ ሲሞክረው ያልመታው ለማንም ስለማይነሣ ነው። ይህን የመጨረሻውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ዙለይኻ ለምን እጇን ብቻ አውለብልባ አታልፍም አለች። ዳሲቱ አልቻልኩም አለች። ኮዬ መግቢያ ላይ ኦቦ ጀቤሳ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ መንደሩ የሚሰማው እሳቸውን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከብቱን ሁሉ ለክትባት ያስወጡላት «ይህቺ ልጅ ሰው ታከብራለች» ብለው ነው። ሳትነሣ ካለፈች ያኔውኑ ላሞቹ ከበረት አይወጡም። ደግሞም፣ አለች፣ ላሞቹስ ይቅሩ፣ እኔ ራሴ አልችልበትም።

ሙህዲን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ «የሚስተካከለው እግሩ ነው እንጂ ሰላምታው አይደለም» አለ።

ያን ቀን ወደድኩት። ስለ ነጠላዬም፣ ስለ አቧራውም ይቅር አልኩት።

ጠንካራ ሞላ ገዝቶ መቀየር በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነበር፤ ስለዚህ ከውሃ ቱቦ ሁለት እኩል ቁራጭ ቆርጦ ሞላዎቹ አናት ላይ ደረበ፤ ሞላው ታምቆ እንዲጠነክር ነው። ዘይቱንም ከወፍራሙ ጨምሮ እንደ አብሽ አወፈረው። ግን እንዴት ይሞከር? ዳሲቱ የምትነዳው ለእውነተኛው ዙር ነው፤ ብልቃጥ ለሙከራ አይሰጥም። ሙህዲን ሚስቱን ዕንቁላል ለመነ። ዙለይኻ ሰጠችው፤ የተሰበረው እራቱ እንደሆነ አስጠንቅቃ። ዕንቁላሉ ሳጥኑ ውስጥ ተደረደረ፤ ሙህዲንም እንደ ዳሲቱ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሊነሣ ተስማምቶ ወጣ።

ከበሩ ሲወጣ መጀመሪያ የተነሣው ለኔ ነው። ምን ልበል፣ ደነገጥኩ።

በመጀመሪያው ጉዞ ዕንቁላሉ ድብልቅልቅ ብሎ መጣ። እራት ዕንቁላል ሆነ፤ ለኔም ደረሰኝ። ቱቦውን ትንሽ አስረዝሞ ቆረጠና በማግስቱ እንደገና ወጣ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ኦቦ ጀቤሳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። እሳቸው ሙህዲንን ለዓመታት ያውቁታል፤ ማለትም አቧራውን ያውቁታል። ፍሬን ይዞ፣ ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ «ነጋ፣ ኦቦ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲላቸው ከዘራቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙት። ታመህ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ጤነኛ እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ስለ እግሩ፣ ስለ ክሩና ስለ ዳሲቱ ሲያወራላቸው ቆዩ፤ ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ቤታቸው አስገብተውም ወተት አጠጡት። ሲመለስ መምሸት ጀምሮ ነበር፤ ከንፈሩ ላይ የወተት ነጭ አለ፤ ሳጥኑን ዙለይኻ ፊት ከፈተው። አንድ ዕንቁላል እንኳ አልተሰነጠቀም። ክሩ ከጥጉ አንድ ጣት ያህል ርቆ ቆሟል።

ትልቁ ዙር ተሠራ። ዳሲቱ ከመንደር ስትመለስ ቀጥታ ወደኛ ነው የመጣችው፤ ባዶ ብልቃጦቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ ሁሉም ላም ተወግቷል። ዙለይኻ ሱቋ ውስጥ ሆና እልል አለች፤ ደንበኞቹም ምክንያቱን ሳያውቁ ተቀበሏት። ደስታ ነበር።

ደስታው ሳምንት አልሞላም። ዳሲቱ በእግሯ መጣች። አቶ ቀናው ሞተሩ እንዲህ ጥሩ ከሆነማ ከእንግዲህ ዙሩን እኔው እሠራዋለሁ፣ አንቺም ዕረፊ ብሎ ቁልፉን ተቀብሏታል። በክፋትም አይደለም፤ ያዘነላት መስሎት ነው። እኔ ተራገምኩ። ሙህዲን ግን ጢሙን ሲያሻሽ አየሁትና ይህ ሰው ልብ የለውም እንዴ አልኩ። ዳሲቱ እዚያችው የሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጣ ቢሮው መስኮት እንኳ እንደሌለው ነገረችን።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ቀናው ራሱ ሞተሩን እየነዳ በግቢያችን በር ገባ። ቀጠን ረዘም ያለ፣ አገልግል የያዘ ይመስል ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው። ዳሲቱ መንገዱን ልታሳየው አብራው መጥታ ነበር፤ ከኋላ ወርዳ ግድግዳው ጋ ቆመች።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?» አለው ሙህዲንን። «ሞተር ነው ድንጋይ? እጄ እስከ ትከሻዬ ደንዝዟል።»

ሙህዲን በትሕትና ይቅርታ ጠየቀና እንዳይወርድ ለመነው። ክሩን ወደ ታች መልሶ እንዲደላደል ነገረው። አቶ ቀናው ተደላደለ፤ ክሩ ፈቀቅም አላለም። እንግዲህ ሙህዲን ያን ጊዜ ወደኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ደጄ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ገባኝ። ዣንጥላዬን ይዤ ተነሣሁ፣ ከግቢው ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ።

አቶ ቀናው አየኝ። ቁጭ እንዳለ ነው። እኔም ቆምኩ። ሙህዲን ክሩን ያያል፣ ዳሲቱ መሬት መሬት ታያለች፣ ዙለይኻ በሱቁ መስኮት አንገቷን አስግጋለች። ሴትየዋ ለምን እንደማታልፍ ግራ የገባው ሰውዬ አስተዳደጉን አስታወሰ መሰለኝ፣ ፍሬኑን ይዞ ብድግ አለ፣ መሪው ላይም ጎንበስ ብሎ «ኖር እትዬ» አለኝ።

ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ ወረደለት።

«በእግዜር» አልኩት።

አቶ ቀናው እንዴ አለ። ቁጭ አለና እንደገና ተነሣ። ሞተሩም እንደገና ጎንበስ አለለት። ሙህዲን ከተንበረከከበት ቀና ብሎ፣ «ለሚነሣ ሰው ነው የተሠራው ጌታዬ» አለው።

 አቶ ቀናው ሞተሩ ላይ እንዳለ ወደ ዳሲቱ ዞሮ ከዚህ እስከ ኮዬ ስንት ሽማግሌ እንዳለ ጠየቃት። ዳሲቱ በገበያ ቀን መንገዱን በሙሉ መቀመጫው ባዶ እንደሚሆን ነገረችው። ሰውየው መጀመሪያ በጉሮሮው፣ ቀጥሎ በሆዱ ሳቀ። ወረደ፣ ወገቡን በእጁ ደገፈ፣ ቁልፉን አወጣና ሰጣት።

«የኔ ወገብ አይችለውም» አላት። «አንቺው ንጂው።»

ዳሲቱ ቁልፉን በሁለት እጇ ተቀበለች።  ሞተሩ ላይ ወጣች፣ አስነሣች፣ አለቃዋን ከኋላ ጫነች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ተነሣችልኝ፤ አቶ ቀናውም ከኋላዋ ሆኖ እንደምንም ብድግ ለማለት ሞከረ። እኔ ደግሞ በደስታ ዓይኔ ሞልቶ ምን ብዬ እንደመረቅኳቸው አላስታውስም።

አሁን ሙህዲን አዲስ ሰው ሲመጣለት ክብደቱንና ጭነቱን ከጠየቀ በኋላ ለሰላምታ ይነሣ እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ እሱ ግን የምሩን ነው። ራሱም ለሙከራ ሲወጣ በደጄ ሲያልፍ ፍሬን ይይዝና ብድግ፣ ጎንበስ ይልልኛል። ክሩን ለማየት ነው ይላል። ይበል።